አንድ ሰው የቀረው

ሩቂያ ደወለች፣ ሮም ልትሄድ ተነስታ፣
ሁለት ባቡር መሐል ቆማ አመንትታ፤
«ቀዩማ ይፈጥናል፤ ጥቁሩ ይረክሳል፤
የመንገድ ሰው አንተ፣ የቱ ይሻለኛል?»

የመንገድ ሰው አለችኝ!
ሃያ ዓመት ሙሉ ደሴ መናኸሪያ፣
«አንድ ሰው የቀረው! ወልድያ! ወልድያ!»
ብዬ የጠራሁኝ፣
ሃያ ሰው ሲጎድል።

ኮምቦልቻ ዳር ነበርኩ፣ ሐዲድ ላይ ቁጭ ብዬ፣
ባቡር ባልረገጠው። «ስሚኝማ እናትዬ፣
ዋጋውንም ተዪው፣ ጠሪውን ብቻ እዪው፤
‹አንድ ሰው ቀረኝ› ካለ፣ ዋሽቷልና ሽሺው።»

ሳቀች። «አባ፣ እዚህ ጠሪ አይለምንም፤
ሰዓቱ ሲሞላ ይሄዳል ባዶውንም።»

ዝም አልኩ።
ስልኩ ሲዘጋ ግን፣ ሐዲዱን አየሁት፤
ማንም ሳይኖር ዙሪያው፣
«አንድ ሰው!» ጠራሁለት።