የኖራ ጠጠር

ሂርጳ አፈር ይቀምሳል። ቆንጥሮ ከምላሱ፣
በፊት ጥርሱ መሃል አድቅቆት ለራሱ፦
«ይሄ አሸዋ አለበት፣ ይንኮሻኮሻል፤
ያኛው ቅባት በዝቶት ብቻውን ይሰነጠቃል፤
አጋባቸው» ይለኛል።

ከፉሪ ተራራ ግርጌ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣
መረሬው ከላይ ነው፣ ከስር ነው ቀዩ ሲሳይ።
መረሬ አይታመንም፦ ክረምት ያብጣል እንደ ሊጥ፣
በጋ አፉን ይከፍታል፣ ክንድ እስኪውጥ።

ቀዩን ግን ውሃ አጠጥቶ፣ ሌሊቱን አሳድሮ፣
በመዳፎቹ መሃል እንደ ክር አክርሮ፣
በጣቱ ይጠመጥማል። ሳይበጠስ ከዞረ፣
«ቀለበት ሆነ» ይላል፤ ሥራ ተጀመረ።

የእንጨቱ ቅርጽ ሁሌም ከጡቡ ይሰፋል።
«ከአሥር እጅ አንዱ ውሃ ነው፣ ፀሐይ ይወስደዋል፤
ለሚያንስ ነገር ሰው ቀድሞ ትርፍ ይሰጠዋል።»
ስለ ጡብ ብቻ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

ሰዎቹ ሜትር ይዘው መሬት ሊለኩ ሲመጡ፣
«አምስት መቶ ካሬ ምትክ» ብለው ቃል ሲሰጡ፣
አውራ ጣቱን በሱሪው ጠረገና፣
«እርጥብ ነው» አለኝ፣ «ገና ነው ገና።»

በሦስተኛው ዓመት ደረቀ።
መቶ አምስት።
ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣
«ቅርጹን አላሰፋሁትም» አለ። ሌላ አልተናገረም።

የመጨረሻውን ጭቃ ስናቦካ ነው፣
ወንፊቱ ላይ ነጭ ጠጠር ያየሁት፤ ኖራ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል።
ስንት ዓመት «ልቀም!» ሲል የኖረ ሰው፣
«እሳት ዝም ያሰኘዋል እንጂ አይገድለውም፤
ቆይቶ ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና
የጡቡን ፊት ገምሶ ይወጣል» ሲል የኖረ ሰው፣
ጠጠሩን አየው።
እኔን አየኝ።
እኔም ወንፊቱን መሬት አስቀመጥኩ።

ነጩ ጢስ እስኪያልቅ እሳቱን በትዕግሥት ይዘን፣
ከዚያ ስድስት ሌሊት ሳንተኛ አንድደን፣
ሲበርድ፣ ሁለት ጡብ አጋጭቶ አዳመጠ፦
ጥሬው እንደ ዱባ ነው። ያ ግን ደወል ሰጠ።
ጭነቱ ሄደ፣ ለመሬት ቢሮው አዲስ ግድግዳ።

አሁን ሐምሌ ሲገባ፣ በዚያ በኩል ስናልፍ፣
ሂርጳ ዣንጥላውን ያጥፋል፤
ካፊያው ኮፍያው ላይ እየወረደ፣
ራሱን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርጎ
ትንሽ ይቆማል።