አሥራ ሁለት ዲናር

ካርቶኑ ላይ «ሲኒማ በቤትዎ» ይላል፤
ካርቶን ምን ቸገረው፣ እንዳሻው ይምላል።
ከጁምዓ ገበያ፣ ከአሮጌ ምንጣፍና ከሰባራ ማራገቢያ መሃል
ትርንጎ ጎትታ አወጣችው፤
«ሃያ» ያለውን ቤንጋሊ ተከራክራ በአሥራ ሁለት ረታችው።
ገመዱ የተቀጠለ፣ አንድ እግሩ የጎደለ፣
ሲያበሩት ሆዱ ውስጥ ተርብ ያደረ የመሰለ።

ፈርዋኒያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ለስድስት ሴት አንድ ክፍል፤
በወር አራት ቀን የምንውልበት፣ ሠላሳውን የምንከፍል።

ብርሃን ጠላቱ ነው። የኩዌት ፀሐይ ደግሞ መጋረጃ አትፈራም፤
አንዱን ቀዳዳ ብትደፍኚባት በሌላው ትገባለች እንጂ አትቀርም።
እናም የዶሮ መጥበሻ ፎይል መስኮቱ ላይ ለጠፍን፤
በጠራራ ቀን አንዲት ጠባብ ሌሊት በእጃችን ጠፈጠፍን።

የማዳሜን ሲኒማ አውቀዋለሁ። ምድር ቤት ነው።
አሥራ አራት ወንበር፣ ከፋይ የለበሰ፣ ሲጫኑት እንደ አልጋ የሚዘረጋ።
ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን እጠርጋለሁ፤
ሰው ተቀምጦበት የሞቀ ወንበር ግን፣ በአራት ዓመት፣ አንድ ቀን አላገኘሁ።

የኛው ወንበር ተደራራቢ አልጋ ነው፤ መጋረጃው ባዶ ግድግዳ፣
ስንጥቅ ያለው፣ መሃሉ ላይ ማንም ያልነቀለው ምስማር።
ስዕሉ ተንጋደደ። ጫማ ከሥሩ አደረግን፤ አሁንም ተንጋደደ።
አንድ ኪሎ ምስር ስንጨምርለት ቀና አለ፤
ቀለበቱን ብናዞር ደግሞ የሰው ፊት ሁሉ ቀልጦ ሄደ።
«ወደ ግራ!» «ኧረ ወደ ኋላ!» «ጠራ፣ ጠራ!» «አጠፋሽው፣ መልሺው!»
ከስድስት ሴት አምስቱ መሐንዲስ።

ፊልም አየን መጀመሪያ። እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም።
የማስታውሰው ሰውየው ሲከዳ ነው፤
ስንጥቁ ልክ በጉንጩ ላይ ወረደ፣
ያላለቀሰውን ግድግዳው አለቀሰለት።

ከዚያ ጦይባ ስልኳን አቀበለች። «እስቲ ይቺን።»

ከደሴ፣ ከእህቷ የመጣ፣ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ።
ሰሚራ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመረቅ፤ ካባዋ ከቁመቷ የረዘመ።
ከጀርባዋ አውርዳ ነው ጦይባ ለእህቷ የሰጠቻት፣ ወደ አየር ማረፊያ ስትሄድ።
ቪዲዮውን ሁለት መቶ ጊዜ ሳታየው አልቀረችም፣
ልጅቱን በአውራ ጣት ጥፍር ልክ።
ዛሬ ግን ሰሚራ ከወለል እስከ ጣሪያ ቆመች፤
እናቷን በክንድ በለጠቻት።

«ጥርሷ መቼ ወለቀ?» አለች ጦይባ።

ማን ይመልስላት። ስልኩ ላይ አይታይም ነበር።

ተነሳች፣ ልትቀርባት።
በቀረበች ቁጥር ጥላዋ ልጅቱን ከእግሯ ጀምሮ ዋጣት።
«ጦይባ፣ ጋረድሽን እኮ! ዞር —» አለች ትርንጎ፤
ሳትጨርሰው ቀረች።
ሰሚራ አልጠፋችም ነበር።
እናቷ ጀርባ ላይ፣ ነጩ የጁምዓ ቀሚሷ ላይ፣
ከነካባዋ፣ ከነወላቃ ሳቋ፣ ከነጨርቅ አበባዋ፣
ታዝላለች።

«የት ሄደች?» አለች ጦይባ፣ ለግድግዳው።
«አዝለሻታል» አለቻት ወርቅያንሱ፣ «እንዳትነቃነቂ።»

አልተነቃነቀችም።
አርባው ሰከንድ አለቀ፤ ትርንጎ መለሰችው። አለቀ፤ መለሰችው።
በዘጠነኛው ማሽኑ ጋለና በራሱ ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ፤
የተርቡ ድምፅ ቀስ እያለ ባከነ።

መግሪብ ሳይደርስ መበተን አለብን።
ፎይሉን አልቀደድነውም፤ አጣጥፈን ካርቶኑ ውስጥ ከተትነው።
ምስሩን ወርቅያንሱ ለራት ልትቀቅለው ነበር፣ ከለከልናት፤
የመጪው ጁምዓ ልክ እሱ ነው።

እኔና ጦይባ በአንድ ታክሲ ሄድን።
ምንም አላወራችም። እስከ ሰልዋ ድረስ
ወንበሩን አልተደገፈችም።