የኦቲያ ቮልጋ

ወይን ተለቅሞ ባለቀ ሰሞን፣ ሪዮኒ ደፍርሶ ሲወርድ፣
በትራክተር ተጎትታ መጣች፣ በኩታይሲ ድንጋያማ መንገድ፤
ያቺ የኦቲያ ቮልጋ፣
አፍንጫዋ ላይ የብረት አጋዘን፣ ሊዘል ያለ፣ እግሩን የዘረጋ።
ከኋላዋ ጺዩሪ፣ ሚስቱ፣
አንድ እጇ በበሩ እጀታ፣ አንድ እጇ በመስኮቱ፤
እንደ አስታማሚ፣ ከጎማው ሳትቀድም፣
ወደ ኋላም ሳትቀር፣ ቃል ሳትናገር ለማንም።

ኮፈኑን ስከፍተው ከፈን የገለጥኩ መሰለኝ፤
የገረጣ ብረት፣ የረጋ ዘይት፣ ዝገት ብቻ ጠበቀኝ፤
ፒስተኑ ከቤቱ ተጣብቆ፣
ካንዴላው ጠቁሮ፣ ካርቡሬተሩ በሸረሪት ድር ታንቆ።
"ዘጠኝ ክረምት ዶሮ አድሮባታል" አለች፣ እንደ ይቅርታ ዓይነት፤
ኦቲያ ከሞተ ማለቷ ነበር፤ እንዲያ ነው የምትቆጥረው ዓመት።

የልጅ ልጇ ላሻ፣ ጥድፊያ የማይለቀው፣
"አሮጌውን ጣለው ኖዳሪ" አለኝ፣ "የጃፓን ሞተር አለ፣ ፖቲ ወደብ ነው፤
ከነካምቢዮው፣ ከነሽቦው፣ ከነኮምፒውተሩ፣
ከተጋጨ መኪና የተፈታ፣ በመርከብ የመጣ ከነአቧራው ከነአፈሩ።"
ጺዩሪ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "ባለቤቱስ ተርፏል?"
ላሻ ሳቀ። እኔ መሬት ላይ ብሎን ፈለግሁ። ማን ያውቃል።

ሞተሩ መጣ፤ አልገባም አለ፤
እንግዳ ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ይሄ ደረቱን እንደ ነፋ በር ላይ ዋለ፤
ሱፖርቶ ቀጥቅጬ ሠራሁለት፣ የሻንሲውን ጎን በየድኩ፣
ራዲያተሩን አራት ጣት ገፋሁ፣ ሦስቴ ለክቼ ሁለቴ ተሳሳትኩ።
የሙቀቷ ቀስት ደግሞ፣ ያቺ የዱሮዋ፣ የአዲሱ ቋንቋ ግራ ገብቷት፣
ክረምቱን ሙሉ ዜሮ ላይ ተኛች፤ እኔም ተኚ ብዬ ተውኳት።

በየሐሙሱ ጺዩሪ ትመጣለች፣ አይብ የያዘ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣
ጎማ ክምር ላይ ትቀመጣለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ጥላ።
አንድ ሐሙስ፣ የጋራዡን ምድጃ እየሞቀች፣
እንደ ዘበት፣ ለራሷ ያህል አወራች፦
"ድልድዩ ጋ ሲታጠፍ ሁለቴ ያስላል፤
ቦሎቄውን እጥዳለሁ ያኔ፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ይፈላል።"
ማን እንደሚያስል አልተናገረችም፣
ሞተሩ ነው ሰውዬው? እኔም አልጠየቅኳትም።

የካውካሰስ በረዶ መቅለጥ ሲጀምር አስነሳኋት።
ላሻ ጮኸ፣ ጨፈረ፣ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት።
ጺዩሪ ቆማ ትጠብቃለች። "አስነሳው እንጂ" አለችኝ።
"ተነሥቷል እኮ፣ እማማ።" መዳፏን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርጋ አየችኝ፤
ከእጇ ሥር ቀጭን ንዝረት፣ የተኛ ድመት ያህል፤
"ደህና ነው" አለች፣ "የጨዋ ልጅ ይመስላል።"
ከዚያ አሮጌውን ሞተር ጠየቀች። አራት ሆነን ጫንንላት፤
ዛሬ የዶሮ ቤቷን መዝጊያ ደግፎ፣ ከወይኑ ሥር ተቀምጦላት።

ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ሚስቴ ናዚብሮላ "ምን ሆነህ ነው?" ብትለኝ
"ማርሚታ" አልኳት፤ ፊቷን አዙራ ተኛች።
ጎህ ሳይቀድ ጋራዥ ወረድኩ፤ መኪናዋ እዚያው ነበረች።
በጀርባዬ ሥሯ ገባሁ፣ አምፖሉን ደረቴ ላይ አስተኝቼ፣
መሰርሰሪያውን አቀናሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፤
አንድ ቀዳዳ፣ የምስር ፍሬ የምታህል።
ሞከርኩት፣ አያስልም። ጥቂት አሰፋሁት፤ አሁን፣ እንጃ፣ ያስል ይመስላል።

በሳምንቱ ላሻ መጣ ተቆጥቶ፦ "ነዳጅ ስቀንስበት ያጓራል፣
ድልድዩ ጋ ስታጠፍ፣ ሁለቴ!" "አዲስ ነው" አልኩት፣ "ይለምዳል።"
ቺያቬዬን እየጠረግሁ ጠየቅኩት፦ "አያትህስ ምን አለች?"
"እሷማ መች ትሰማለች! ስገባ ምድጃው ላይ አጎንብሳ
ቦሎቄ ታማስላለች።"

ደረሰኙን ጻፍኩለት፦ ሱፖርቶ፣ ብየዳ፣ ቺንጌያ፣ ዘይት፣ የአምስት ወር ድካም፤
ቀዳዳዋን አላስገባኋትም።