የቅዳሜ ቁስለኛ

ከክፍላችን ሁሉ ወፍራሙ እኔ ነኝ፤
ዱካሞ ለሥራው ለዚህ ነበር ያጨኝ።
«ሰማንያ አራት ኪሎ! ማንም አይበልጥህም፤
ቅዳሜ ቁስለኛ ሁን፣ ሌላ አልጠይቅህም።»

ሥራዬ ቀላል ነው፤
ሐይቁ ዳር መጋደም፣ እጅ እግርን መልቀቅ፣
ዓይን ጨፍኖ መዛል፣ ሲጎትቱት አለመሳቅ።
(መሳቁን እንኳ ተወው፤
ብብቴን ሲጨብጠኝ እስከ ዛሬም አልቻልኩት።)
አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ
በአንድ እግራቸው ቆመው፣
የዓሣ አንጀቱን ትተው እኔን ያዩኛል፣
የምር የሞትኩ መስሏቸው።

እቅዱ ያለው በሒሳብ ደብተሩ
በኋለኛው ገጽ ነው፣
የፊቱን ሎጋሪዝም ሞልቶ ስለያዘው።
«ዘንድሮ፦ ውኃ ውስጥ፣ ሳልተነፍስ፣ ደቂቃ ተኩል።
ታቦርን ከነሸክሜ፣ ሳላርፍ፣ ከፀሐይ እኩል።
ፊዚክስ» — እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ አስምሯል፤
ባለፈው መንፈቅ ዓመት አርባ አንድ አምጥቷል።
«ቀይ መስቀል ሄጄ ስብራት ማሰር፣ ደም ማቆም።
አሥራ ሁለተኛን ማለፍ። ካለፍኩም ባላልፍም» —
ይቺን ሰርዟታል።
ከዚያ መከላከያ፣ ከዚያ ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይል፣
ከዚያ በገመድ ከሰማይ ወርዶ፣
ሰው ከእሳት፣ ሰው ከገደል፣ ሰው ከጎርፍ መንጠል…
ከቢሾፍቱ በኋላ ያለው ሁሉ በእርሳስ ነው።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤
እኔም ብሆን በእርሳስ ነበር የምጽፈው።

አጎቱ ባራሳ መረቡን እየጠገነ፣
መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ፣
«ወታደርማ ይገድላል» አለው።
«እኔ የማወጣው ነኝ፤ የወደቀውን አውጪው።»
ሽማግሌው ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣
«አውጪውንስ ማን ያወጣዋል?» አለ፤
መልስም አልጠበቀ፣ ወደ መረቡ ተመለሰ።

ነሐሴ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ
ከአላሙራ በኩል ነፋስ ተነሣና፣
ሐይቁ መልኩን ለወጠ፣ ጠቆረ እንደ ደመና።
አንዲት ታንኳ ተገለበጠች፤
አንድ ልጅ፣ ከእኛም ያነሰ፣
ብቅ ጥልቅ አለ፣ እጁን አርገበገበ፣ ተመለሰ።
ዱካሞ ከነሱሪው ገባ።
ደረሰበት። ያዘው።
ልጁ ግን ዞሮ አንገቱን ጠምጥሞ አነቀው፤
ለካ የሰመጠ ሰው መሰላል ይመስለዋል
ሊያወጣው የመጣው።
በደብተሩ የለም ይሄ።

እኔ እስከ ወገቤ ውኃ ውስጥ ቆሜ፣
ስንት ቅዳሜ ሙሉ ስጎተት ከርሜ፣
የማውቃትን አንዲት ነገር ጮህኳት፦
«ልቀቀው! ተንጋለል! ሰማዩን እያየህ ዛል!
አትርዳው! ዝም ብለህ ክበድ! እሱ ይሸከምሃል!»
ደግሜ ጮህኩ፤ በሲዳምኛም ጮህኩ፣
እንደ እብድ።
ልጁ ተንጋለለ።
ሰምቶኝ ይሁን ደክሞት፣ እስካሁን አላውቅም።

ሁለቱም አሸዋው ላይ ውኃ ሲተፉ፣
አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን አራግፈው
ወደ ዓሣው አለፉ።
ማታ ደብተሩን ገለጠ። እጁ ገና ይንቀጠቀጣል።
በእርሳስ አይደለም፣ በእስክሪብቶ፣
በገጹ ጠርዝ ላይ፣ በማይነበብ ጽሑፍ፦
«ለካ ቁስለኛም ይማራል።»

አሁን እሱ የለም። ፀጉሩን ተላጭቶ፣
ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ በሌሊት አውቶቡስ ሄዷል።
ቢሾፍቱ ገና ነው፤ በእርሳስ ያለው ገና ነው፤
መሬት ላይ በደረቱ መሳብ ላይ ነው ያለው።
ትናንት ደወለ። ድምፁ ጎርንኗል።
«የአሸዋ ከረጢት ሰጡን፣ ሰማንያ ኪሎ ሙሉ፤
አይስቅ፣ አይነጫነጭ፣ ‹አሸዋ ገባ ጆሮዬ› አይል፤
ቀለለኝ እኮ!» አለኝ።

ተቀየምኩ መሰለኝ።
በዚያው ማታ ሐይቁ ዳር ወርጄ
ሁለት ቆሮሶ ጥብስ፣ ከነዳጣው፣
አጥንቱ እስኪቀር በላሁ፤
ለእረፍት ሲመጣ
እንዳልቀለው ብዬ።