ምርቃት

እነዋሪ ላይ ነበር የእህል መጋዘኔ፥
ግራ ቀኝ ክንዱን ዘርግቶ የሚቆም ሚዛኔ፤
አንዲት ጥቁር ብረት፥ «አምስት ኪሎ» የምትል፥
ሆዷ እርሳስ የዋጠ፥ ፊቷ ጾመኛ የሚመስል።
አምስቱ ስድስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው
ገበሬው ይጨምራል፤ እኔ ዝም ብዬ ነው የማየው።
የጅሩ መረሬ ጭቃ ካህያው ኮቴ ሳይለቅ፥
ምስሩ በኔ ጆንያ፥ እሱ በባዶ ስልቻ ወደ ቤቱ ሲዘልቅ።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ።
ለቅዳሴው ጧፍ ገዛሁ፥ ለታቦቱ ጃንጥላ፤
የማን ምስር ዋጋ ነው? ብሎ የጠየቀኝ የለም ሌላ።

ኅዳር ነው። ውርጭ ያቃጠለው ሣር ነጭቶ ባደረበት ጧት፥
ልጄን መክሊትን ከጓሮ፥ እቃቃ ዘርግታ አገኘኋት።
በሁለት ቆርኪ ሚዛን ሠርታ፥
ከጠጠሩ ሥር ጭቃ ትለጥፋለች፥ ምላሷን አውጥታ።
«ምንድን ነው?» አልኳት።
«እንዳንተ ነው፥ አባዬ። ሳይታይ ያከብዳል።»

መምሬ ተክለ ወልድ ሰምተውኝ ዝም አሉ።
ቀኖናዬን ስጠብቅ፥ አርባ ቀን፥ ሦስት መቶ ስግደት፥
«ስግደትማ ይቀልሃል» አሉ። «ብረቷን ተሸከማት።
ካታለልከው ሰው ቤት ሁሉ፥ በእግርህ፥ ይዘሃት ግባ፤
ምስሩንም ኀፍረቱንም ስፈር። ከዚያ አልቅስ፥ ካለህ እንባ።»

ሄድኩ። አንዱ ውሻ ፈታብኝ። አንዱ ተቀብሎ ቆጠረ።
አንዱ «ወለዱስ?» አለኝ። አንዱ ከሞተ ሰንብቶ ነበረ፤
ከመቃብሩ ራስ ቆሜ ጠየቅሁ፤ ሣሩ አልመለሰም።
ብረቷ በየደጁ ትከሻዬን በላች እንጂ አልቀለለችም።

የወይዘሮ ሽታዬ ቤት መጨረሻው ነው፥ ከጀማ ገደል አፋፍ፥
ነፋስ ከሥር ወደ ላይ የሚነፍስበት ደጃፍ።
ነገርኳት። ሳትደነግጥ ብረቷን ተቀበለችና፥
እንደ አራስ ልጅ አቅፋ፥ ክብደቷን በክንዷ ለካችና፥
«እናውቃለን» አለችኝ። «ነፍሱን ይማረውና ሟቹ፥ ያን ቀን
‹ያ ሰው እንዴት ይተኛል?› ሲል፥ ስላንተ አዝነን ነው ያደርን።»

እኔ ስሰርቅ፥ እነሱ በስሜ ይጸልዩ ኖሯል!
ንስሐዬ እያነከሰ ሲደርስ፥ ይቅርታው ቀድሞት
ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ኖሯል።

ሰፈርኩላት። ተቀበለች። አንድ እፍኝ መልሳ ዘገነች፥
ከጋቢዬ ጫፍ ላይ አፈሰሰች።
«ይሄስ?»
«ምርቃት ነው። ነጋዴ አይደለህ? ልኩ ከሞላ በኋላ የሚጨመር።»

ጌታ ሆይ፥ አንተንም በሚዛን ነበር የማስብህ፤
ይህን ያህል ጧፍ፥ ያን ያህል ጾም፥ አስልቼ ስከፍልህ።
ልኬ ጎደሎ መሆኑን እያየህ፥ ከኔ ቀድመህ እያወቅህ፥
አንተ ግን እንደገና ወደ ጆንያው እጅህን ሰደድህ።

ብረቷ አሁን የበጎቹን በረት መዝጊያ ትደግፋለች፤
መክሊት ስትወጣ ስትገባ በእግሯ ትገፋታለች።
አልዋሽህም፤ በገበያ ቀን መዳፌን ዛሬም ይበላኛል፤
እጄን ጋቢዬ ውስጥ እከታለሁ፥ እስኪያልፍ። አንዳንዴ ይቆያል።

ያቺ እፍኝ ምስር በመሐረብ ተቋጥራ ከትራሴ ሥር ናት።
ስንት ግራም ትሆን? አላውቅም።
አልመዘንኳትም።