ለስላሳው

የካቲት ነው፣ ዊኒፔግ፤ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ አውልቄ፣ ቆምኩ ከብሩሾች ገበያ።
ጠንካራ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ፤ ተሰቅለዋል ጎን ለጎን፣
እጄ ጠንካራውን ሊይዝ ሄደ፣ ሳያማክረኝ እኔን።

ሌሊት አውቶቡስ አጥባለሁ፤ መንገድ ላይ የሚረጩት ጨው
ወለሉን ነጭ አልብሶት፣ ጉልበት ነው የሚያስለቅቀው።
አፌንም እንደዚያው ነበር፣ ስፈትገው፣ ስሞርደው፣
ደም ስተፋ «ጸዳ» እያልኩ፣ ድዴን ከሥሩ ስንደው።

ማክሰኞ ዕለት ማሪቬል፣ የጥርስ ሐኪሙ ረዳት፣
መስታወት አፌ ውስጥ ከትታ፣ «ድድህ ሸሽቷል» አለች በድንገት።
«ማን አባረረው?» ብላት፣
እጄን አንሥታ አሳየችኝ።

ቆሜ አሰብኩት፤
ያ የወይራ መፋቂያ እንኳ
ታኝኮ ታኝኮ ካልላመ፣ ጥርስ አይነካም ለካ።

ሁለት ዶላር ከሃምሳ፤ ሰማያዊውን ለስላሳ
ፀጉሩን በአውራ ጣቴ ዳብሼ፣ ከመንጠቆው ሳነሣ፣
እጄ ትንሽ አኮረፈ፣ ጉልበቱን የናቅሁበት መስሎት።
አይዞህ አልኩት፣ ወለሉ አለልህ፣ ይጠብቅሃል ጨው ሞልቶት፤
አፌ ዘንድ ስትመጣ ግን፣ ማታም ጠዋትም፣ ቀስ፤
የሸሸው ድድ አይመለስም፣
የቀረው እንዳይሸሽ፣ ቀስ።