ድምፅ የሌላት ፊደል

ኅዳር ነው፤ ሪሙስኪ በረዶ ጀምሯል፤
ወንዙ ከመስኮቱ ማዶ እርሳስ መስሏል።
ከልጆች መሐል፣ ጉልበቴን አጥፌ፣
ተቀምጫለሁ፣ የምዘናውን ቅጽ ታቅፌ።

እጩው መምህር፣ ማክሰንስ ቦልዮ፣
ሲስቅ ክፍሉን የሚያስቀው፣
ልብ ቢፈተን ኖሮ ማንም የማይቀድመው፣
«ዓሣ አጥማጆች» ሊል ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤
የብዙ ቁጥሯን ፊደል ጫፉ ላይ ገደፈ።
ምን አላት? አፍ አይጠራት፣ ጆሮ አይሰማት፤
እሷ ስትቀር ግን
ከሙሉ ጀልባ ሰው አንድ ብቻ ተረፈ።

ሃያ ሁለት ሕፃናት፣ ምላሳቸውን በጥርስ ይዘው፣
መስመር ሳይለቁ፣ በሚያምር እጅ ጽሕፈት፣
ጀልባዋን እንዳለች ገለበጧት።
ኮራሊ ብቻ እጇን አነሣች፤
ሰሌዳውን አየች፤ እሱን አየች፤
ሳቀላት።
እጇን አወረደች።

ማታ ቅጹን ስሞላ፣
«የማካካሻ ፈተና፣ ለሦስተኛ ጊዜ» ልል፣
በገዛ ፈረንሳይኛዬ፣ ብዕሬ ቆመ።
«ፔ»ዋ አንድ ናት ሁለት?
ሠላሳ አንድ ዓመት በቀይ ሳሰምር ኖሬ፣
በሬን ዘግቼ፣ ኮሪደሩን አድምጬ፣
መዝገበ ቃላቱን እንደ ሌባ ገለጥሁት።

አንድ ኖራለች።
ማክሰንስ ግን ይድገም።